«እረኛ ምን አለ?» ወይስ «እረኛ ምን ይበል?»

የቀድሞ አባቶቻችን የአገሩን ጠባይና የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ሹም በአዳራሹ ተቀምጦ የሚሰማው የባለሟሎቹን ቃል ነው፤ ባለሟል ደግሞ አስቀድሞ የጌታውን ፊት ይመለከትና ፊቱ በፈቀደለት መጠን ይናገራል። እረኛ ግን ከብቱን በመስኩ አሰማርቶ የሚያንጐራጕረው ሽልማት ሽቶ ወይም ተቈጪ ፈርቶ አይደለም። ስለዚህ የዳኛው ማድላት፣ የግብሩ መክበድ፣ የመንደሩ ቅሬታ ሁሉ ከአማካሪዎች ሸንጎ ይልቅ በእርሱ ዜማ ውስጥ አስቀድሞ ይገኝ ነበር። በዚህች ባለሦስት ቃል ጥያቄ ውስጥ የግጥምና የመንግሥት ትክክለኛ ግንኙነት ተቀምጧል፤ የሚጠይቀው ባለሥልጣኑ ነው፤ የሚናገረው ግን ባለዜማው ነው።

በዛሬው ጊዜ ይህ ሥርዐት ተገልብጧል። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በዓል በመጣ ቍጥር ገጣሚም የቴአትር ሰውም እንጠራለን፤ ዳሩ ግን የምንጠራቸው የሚሉትን ለመስማት ሳይሆን የሚሉትን ለመንገር ነው። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ቀርቶ «እረኛ ምን ይበል?» የሚል የኮሚቴ አጀንዳ ተተክቷል። ይህ ልማድ ጥበብን ከመጕዳቱም በላይ መንግሥትን የሚያደነቍር፣ ሕዝቡንም በገዛ መድረኩ ላይ እንግዳ የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ በዚህ መጽሔት ዐምድ ያለ ሽፍንፍን መናገር ግዴታዬ መስሎ ታይቶኛል።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት በራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የበዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ስለ መልካም አገልግሎት የሚያስተምር አጭር ተውኔት እንዲዘጋጅ ተወሰነና ሥራው ለጥቂት ወጣት የቴአትር ሰዎች ተሰጠ። ወጣቱ ደራሲ ያመጣው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነበር፤ አንዲት የገጠር እናት የሟች ባለቤታቸውን የጡረታ አበል ለማስከበር ወደ መሥሪያ ቤት ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን መዝገቡ አልተገኘም ይባላሉ። በሁለተኛው ቀን ኀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላሉ። በሦስተኛው ቀን ከቤታቸው በርጩማ ተሸክመው ይመጡና በመዝገብ ቤቱ ደጃፍ አኑረው ይቀመጣሉ። ምን ማድረጋቸው እንደ ሆነ ሲጠየቁም «ኑሮዬ እዚህ ከሆነ መቀመጫዬን ላምጣ ብዬ ነው» ይላሉ።

ጽሑፉ በመጀመሪያ በተነበበ ዕለት ኮሚቴው ሳይወድ በግድ ሣቀ። ከሣቁ በኋላ ግን እርማቱ ተጀመረ። አንደኛው አባል ነገሩ የሆነው «በቀድሞው ጊዜ ነው» ይባልልን አሉ። ሁለተኛው፣ ሴትዮዋ በመጨረሻ ጉዳያቸው ተፈጽሞላቸው ምስጋና ያቅርቡ አሉ። ሦስተኛው ደግሞ በርጩማዋ በእንግዶች ፊት ስለምታሳፍረን ትውጣ አሉ። ይህን ሁሉ በደብዳቤ አርቅቄ፣ ቍጥርና ማኅተም አስደርጌ ለወጣቱ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ልጁ ደብዳቤውን አንብቦ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና አንዲት ቃል ሳይናገር ወጣ። በበዓሉ ዕለት ተውኔቱ ታየ፤ ተጨበጨበ፤ ሁላችንም ረሳነው። ሲያበቃ አዳራሹን የሚያጸዱት እናት፣ ያንን የመጀመሪያ ንባብ ጥግ ላይ ቆመው ሰምተው ኖሮ፣ ወደ እኔ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ በርጩማዋስ ወዴት ሄደች?» አሉኝ። «እትዬ፣ ጊዜ አጥሮን ነው» ብዬ ዋሸኋቸው። ይህን ክርክር የምጽፈው ያን ውሸት ለማረም ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ዓይነት አሳብ ሲነገር እሰማለሁ። የመጀመሪያው የእኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች አሳብ ነው፤ ጥበብ የመልእክት ማስተላለፊያ ናት፤ መልእክቱን የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ ስለ ሆነ ባለሙያው ቃሉን አሳምሮ ማድረስ ብቻ ይበቃዋል የሚል ነው። ሁለተኛው የአንዳንድ ገጣምያን አሳብ ነው፤ ጥበብ ለውበቷ ብቻ ትኑር፤ የሕዝብ ጉዳይና የመብት ጥያቄ ያረክሳታል የሚል ነው። ሦስተኛው በወጣቶች ዘንድ የሚዘወተረው ነው፤ የወገኔን ስም ጠርቼ፣ ልብሱን ለብሼ፣ በደሉን በከፍተኛ ድምፅ ከተናገርሁ ግጥሙም ቴአትሩም ተፈጸመ የሚል ነው። እነዚህ ሦስት አሳቦች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። በእኔ አስተያየት ግን ሁሉም በአንድ ስሕተት ይገናኛሉ፤ ሕዝቡን አጨብጫቢ እንጂ ባለቤት አድርገው አይቈጥሩትም።

የእኔ ክርክር አጭር ነው። ግጥምና ቴአትር ማንነትን ከሕዝብ ጉዳይ ጋር የሚያገናኙት መልስ በማወጅ ሳይሆን ጥያቄ በመጠየቅ ነው፤ ጥያቄውም እውነተኛ የሚሆነው ነገሩ የሚነካው ሰው በገዛ ቋንቋው ገብቶ ሊያርመው ሲችል ነው። ለዚህም ሦስት ምስክሮች ከታሪክ እጠራለሁ።

የመጀመሪያው ምስክር የዘመናዊ ቴአትራችን መነሻ ራሱ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው ደረሱና በአዲስ አበባ ከተማ በመኳንንቱ ፊት ታየ። በአውሬዎቹ አፍ ይነገር የነበረው ግን የአውሬ ነገር አልነበረም፤ የአስተዳደሩ ጕድለትና የሹማምንቱ ምግባር ነበር። ሰሙ ተረት፣ ወርቁ ትችት ነበር። ቅኔ ሲሰማ ላደገ መኰንን ወርቁን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ተውኔቱም በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

እንግዲህ ልብ እንበል። አውሬ አናግሮ መኳንንትን ያስቈጣ ይህ ደራሲ የአገር ጠላት ነበርን? በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥታችንን ያረቀቁት እኒሁ ሰው ናቸው። የፋሺስት ኢጣልያ ጥቃት በመጣ ጊዜም በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት እኒሁ ሰው ናቸው። ተረቱን የጻፈችው እጅ ሕጉንም ጻፈች፤ በመድረኩ ላይ ጕድለታችንን የተናገረ አንደበት በባዕድ ሸንጎ ላይ መብታችንን ተናገረ። ስለዚህ «የሚተች ሁሉ አይወደንም» የሚለው የጽሕፈት ቤት ፍልስፍና ከመጀመሪያው ቴአትራችን ጀምሮ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል። ተውኔቱን ያገደው እጅ የመለሰው ጠላትን ሳይሆን፣ ቤቱን የሚወድና ስለዚህም የጣራውን ቀዳዳ የሚያሳይ ልጅን ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ከተማሪዎች አዳራሽ ይመጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ «የኮሌጅ ቀን» በሚባለው ዓመታዊ በዓል ተማሪዎች የግጥም ውድድር ያደርጉ ነበር፤ በዓሉም ንጉሠ ነገሥቱ ጭምር ይገኙበት የነበረ ነው። ከተማሪዎቹ የግጥም መድረክ በ1953 ዓ.ም. የታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል»፣ በ1958 ዓ.ም. የኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?»፣ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» ተሰሙ። ርእሶቹን ብቻ በተራ ያነበበ ሰው የዘመኑን ታሪክ ያነብባል። የመጀመሪያው ርእስ ድሀው አንደበት እንዳለው ያስታውቃል። ሁለተኛው የማንነትን ነገር ሁላችን የተስማማንበት አድርገን እንዳንቈጥረው በጥያቄ ምልክት ፊታችን ያቆመዋል። ሦስተኛው ምርቃትና ርግማን በአንድ አፍ የሚወጡበት ቀን እንደ ደረሰ ይናገራል።

በተለይ ሁለተኛውን ልብ ማለት ያሻል። ማንነትን በግጥም ያነሣ ሰው ሁሉ መልስ ይዞ መምጣት አለበት የሚል ልማድ አለብን። ያ ተማሪ ግን ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ጥያቄውንም ያቀረበው በአማርኛ፣ አገሩ ሁሉ ሊሰማ በሚችልበት መድረክ ላይ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የካቲት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። «ድሀው ይናገራል» ከተነበበበት ዓመት እስከ አብዮቱ 13 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በአዳራሹ የተቀመጡት ታላላቆች የግጥሙን ቤት አመታት አድንቀው ወጡ ይሆናል፤ ወይም ተቈጥተው ወጡ ይሆናል፤ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ግን ሥራቸውን አላረሙም። የ13 ዓመት ማስጠንቀቂያ በነጻ ተሰጥቶ ሳይነበብ የቀረበት አገር ምን እንደ ደረሰበት እያንዳንዱ አንባቢ ያውቃል። ከዚያ በኋላ የመጣውም መንግሥት ትምህርቱን ከመቀበል ይልቅ እረኛውን ይበልጥ ዝም አሰኘው።

ሦስተኛው ምስክር ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው፤ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ ባለቤቱ በዝርዝር ስለ ጻፈልን ጥቂት ልቈይበት። ከናይሮቢ ብዙ ሳይርቅ በሊሙሩ አካባቢ ካሚሪቱ የምትባል መንደር አለች። ብዙዎቹ ነዋሪዎቿ በሻይ እርሻና በባታ ጫማ ፋብሪካ ተቀጥረው የሚኖሩ፣ ወይም ቍራሽ መሬት የሚያርሱ ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 በመንደሪቱ የትምህርትና የባህል ማእከል ተቋቋመና ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ይማሩ ጀመር። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዚያን ጊዜ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ኀላፊ፣ በእንግሊዝኛ በጻፋቸው ልብ ወለዶቹም በውጭ አገር የታወቀ ደራሲ ነበር። የገዛ መንደሩ ገበሬዎች ግን ስለ እነርሱ የጻፈውን ማንበብ አይችሉም ነበር። ማንነታቸውን በሰው ቋንቋ ጽፎ ለሰው አሳይቷልና ለእነርሱ አልደረሳቸውም።

ንጉጊ ከባልንጀራው ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር ሆኖ በኪኩዩ ቋንቋ «ንጋሂካ ንዴንዳ» የተባለ ተውኔት ጻፈ፤ ትርጕሙ «በፈቀድሁ ጊዜ አገባለሁ» ማለት ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የእርሻ ሠራተኛ አንድ ኤክር ተኩል መሬት አለው፤ የመሬቱም ደብተር በቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለጠጋው አሠሪው ለውጭ አገር ባለሀብቶች ፋብሪካ ያችን መሬት ይመኛታል። ድሀው የልጁ ጋብቻ ከባለጠጋው ቤት ጋር ያዛምደኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሠርጉን እንደ ዐዲስ እንዲያደርግ ስለ ተመከረም መሬቱን አስይዞ ከባንክ ይበደራል፤ በመጨረሻም መሬቱ ከእጁ ትወጣለች።

ከታሪኩ ይልቅ የሚያስተምረው ግን አሠራሩ ነው። ጽሑፉ ለመንደሩ ሰዎች ተነበበላቸው፤ እነርሱም ያርሙት ጀመር። ሽማግሌ እንዲህ ብሎ አይናገርም፤ ወጣት ለአባቱ እንዲህ አይመልስም እያሉ የቃሉን አካሄድ አቃኑ። የፋብሪካ ሠራተኞች የደመወዙን ሒሳብ ሠርተው ሰጡ። ስለ ነጻነቱ ትግል ያዩትን የሚያስታውሱ ሰዎች የተሳሳተውን መለሱ፤ ዘፈኑን የሚያውቁ ዘፈኑን ሰጡ። ልምምዱ በአደባባይ ስለ ነበር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ያይና አስተያየቱን ይሰጥ ነበር። የመድረኩንም ስፍራ፣ ከ2000 ሰው በላይ የሚይዘውን፣ መንደርተኞቹ በገዛ እጃቸው ሠሩት። የዩኒቨርሲቲው መምህር በመንደሩ ሰዎች ፊት ተማሪ ሆኖ ተቀመጠ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጥቅምት 2 ቀን 1977 ተውኔቱ ለሕዝብ ታየ፤ ኅዳር 16 ቀን ፈቃዱ ተነጠቀ፤ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ንጉጊ ተያዘና ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል በካሚቲ እስር ቤት ተቀመጠ። በ1982 ደግሞ መንደርተኞቹ የሠሩት መድረክ በፖሊስ ኀይል ፈረሰ።

የኬንያ ሹማምንት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ታግሠውት በኪኩዩ ሲጽፍ ያሰሩት ስለ ምንድን ነው? መልሱ ግልጽ ነው። ልብ ወለዱ ስለ ድሆች ይናገር ነበር፤ ተውኔቱ ግን ድሆቹ ራሳቸው ይናገሩበት ነበር። ንጉጊ በእስር ቤቱ ሳለ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2025 እስኪሞት ድረስም ልብ ወለዶቹን በዚያው በእናቱ ቋንቋ መጻፉን አልተወም። መድረኩን ያፈረሰው ትእዛዝ ጽሑፉን ሊያፈርስ አልቻለም።

ከእነዚህ ምስክሮች የምንማረው ለሹማምንት ብቻ የሚሆን አይደለም። የወገኑን ስም በመጥራት ብቻ ግጥም የገጠመ ለሚመስለው ወጣትም ይሆናል። በካሚሪቱ መድረክ ላይ የወገን ውዳሴ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ ወገኑ ባለጠጋ የሚነጠቅ ድሀ፣ በከንቱ ተስፋ የተታለለ አባት ነበር። ወገኑን ፍጹም አድርጎ የሚሥል ደራሲ ወገኑን ሐውልት ያደርገዋል፤ ሐውልት ደግሞ አይራብም፣ አይሳሳትም፣ አይናገርምም። በአገራችንም ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እንመልከት። በአምቦ አካባቢ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወለደ፤ ቅኔ ተማረ፤ የሼክስፒርን ሐምሌትና ኦቴሎን በአማርኛ አናገረ፤ ስለ ዖዳ ዛፍ ትንቢት የደረሰውን ተውኔትም በእንግሊዝኛ ጻፈ። ማንነቱን ከብዙ ምንጭ ቀድቶ በሰዎች ጠብና ፍቅር ውስጥ አሳየው። ብዙዎቻችን ግን የምንጮቹን ስም ዘርዝረን ውኃውን ሳንቀዳ ከመድረክ እንወርዳለን።

ጥበብ ለውበቷ ብቻ ትኑር የሚሉትንም አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። በካሚሪቱ ሽማግሌዎች የቃሉን አካሄድ ያቃኑት ለውበት ነው ወይስ ለእውነት? ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሐሰተኛ ንግግር ለጆሮም ይጐረብጣል። የእኛን የበዓል ተውኔት ያበላሸው የሕዝብ ጉዳይ ስለ ገባበት አልነበረም፤ የሕዝብ ጉዳይ ስለ ወጣበት ነው። በርጩማዋ በወጣች ጊዜ እውነቱ ብቻ ሳይሆን ሣቁም አብሯት ወጣ።

ምናልባት አንድ የተከበሩ የሥራ ባልደረባዬ «ታዲያ መንግሥት በገዛ ገንዘቡ የሚሰድበውን ሰው ይቅጠርን?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለምና በቀላሉ አላልፈውም። ስድብና ሐሰት ጥበብ አይደሉም፤ ወገንን በወገን ላይ የሚያነሣሣ ቃልም በሕግ የሚጠየቅ ነው። ነገር ግን በርጩማዋ ማንን ሰደበች? የማንንስ ስም አጠፋች? ባለጉዳይ ሦስት ቀን መመላለሱን ከእኛ መካከል የማያውቅ ካለ እጁን ያንሣ። ገንዘቡም ቢሆን የእኛ አይደለም፤ ያቺ በርጩማ ተሸክማ የመጣችው እናት ጭምር የከፈለችው ግብር ነው። በገዛ ገንዘቧ የገዛችውን መድረክ እርሷን ዝም ለማሰኘት ማዋላችን ነው ስድቡ።

ወቀሳ ብቻ ጽፎ ማለፍ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ አይገባምና የሚቻለውን ላመልክት። አንደኛ፣ ለደራስያን ርእስ እንስጥ እንጂ ፍርድ አንስጥ፤ ስለ አገልግሎት ጻፉ ማለት ይገባል፣ አገልግሎታችን መልካም ነው ብላችሁ ጻፉ ማለት ግን አይገባም። ሁለተኛ፣ ተውኔቱ በኮሚቴ ፊት ከመታየቱ በፊት ጉዳዩ በሚነካቸው ሰዎች ፊት ይነበብ፤ በመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተራ ከሚጠብቁት ባለጉዳዮች ሃያ ሰው ጋብዞ ማስቀመጥ ወጪ የለውም፤ እርማቱም ከእኛ እርማት ይሻላል። ሦስተኛ፣ ኮሚቴ አንድ ነገር ይውጣ ያለ እንደ ሆነ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ ጽፎ ይፈርምበት፤ ብዙ ሰው በቃል የሚያዝዘውን በፊርማ አያዝዝም። አራተኛ፣ የባለሙያው ዋጋ ጽሑፉን ባስረከበ ጊዜ ይከፈለው፤ ዋጋው እስከ በዓሉ ጭብጨባ ከተያዘበት የሚጽፈው ለጭብጨባው ብቻ ይሆናል።

መምህራን ሆይ፣ ለእናንተም ድርሻ አላችሁ። ለወላጆች ቀን ተማሪው የሚያነብበውን ግጥም እናንተ ጽፋችሁ በእርሱ ስም አታስነብቡት፤ ቤቱ ቢሰበርም፣ ምቱ ቢዛነፍም የራሱን ያምጣ። ዛሬ በሰው ቃል ማጨብጨብን የለመደ ልጅ ነገ በሰው ቃል የሚፈርም ሠራተኛ ይሆናል፤ እኔ የዚያ ምስክር ነኝ። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ስለ ሕዝብ ከመናገራችሁ በፊት ለሕዝብ አንብቡለት፤ ሲያርማችሁም አትቀየሙ።

በበኩሌ ያን ወጣት ደራሲ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አላጠፋውም ነበር። በመጪው በዓል ተውኔቱ እንደ ተጻፈ እንዲታይ ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ መልሱ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ፈቃዱ ቢገኝ የመጀመሪያው ወንበር ለአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ለእትዬ እንዲሆን ጠይቄያለሁ። «በርጩማዋስ ወዴት ሄደች?» ያሉኝ እርሳቸው ናቸውና፣ በመድረኩ ላይ ተመልሳ ብትገኝ ሊያዩዋት ይገባል። እኛ ደግሞ ከኋላቸው ተቀምጠን፣ አባቶቻችን እንዳደረጉት፣ እረኛው ምን እንዳለ እንስማ።